ፖስታውን አትዘፍዝፊው

ጥያቄው ከድሬዳዋ ነው የመጣው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦

«አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ነበር የሠራው። ሲያርፍ ሁለት ካርቶን ሙሉ ቴምብርና የቆየ ደብዳቤ ትቶልኝ ሄደ። አምና ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ። ተከታዮቼ 340 ደርሰዋል። የሚገዙኝ ግን በወር ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰው ነው። ቴምብሮቹን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ፣ ከፖስታው አላቅቄ፣ አድርቄ በንጽሕና ነው የማቀርበው። አሁን ሥራውን ማሳደግ ፈልጌያለሁ። ቴምብር በኪሎ የሚሸጥልኝ ሰው አግኝቻለሁ። እሱን ልግዛ? ወይስ ያጠራቀምኩትን ብር ማስታወቂያ ላይ ላውለው?»

እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። ድሬ ውስጥ ሰው በ«እርስዎ» ሲጠራ የተቆጡት ይመስለዋል። እኔ የምኖረው ሐረር ነው። ቴምብር መግዛትና መሸጥ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ውስጥ 12ቱን የሠራሁት በኢንተርኔት ነው።

ለሁለቱም ጥያቄሽ መልሴ «አይ» ነው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ልመና አለኝ። አሁን ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈ ፖስታ ካለ ተነሺና አውጪው። በንጹህ ነጭ ወረቀት መሀል አስተኚው፤ ከላዩ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት፤ ጥላ ውስጥ ይደር። ገና ያልነካሻቸውን ደግሞ ካርቶናቸው ውስጥ እንዳሉ ተያቸው።

ቴምብር ብቻውን የትም አለ። የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። አራቱ ላይ የአጼ ምኒልክ ምስል አለ፤ ሦስቱ ላይ አንበሳ። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበር። ዕድሜያቸው ከ130 ዓመት በላይ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሰባቱን ያገኘ ቀን ሀብታም የሚሆን ይመስለዋል። ግን ማኅተም ያላረፈባቸው ሰባቱም ዛሬ ብዙ ሳይደክሙ ይገኛሉ። ያኔ ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በቀጥታ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ነው የተሸጡት። ያው ቴምብር ከሐረር በእርግጥ በተላከ ደብዳቤ ላይ እንደተለጠፈ፣ ማኅተሙም ተነቦ ሲገኝ ግን ሌላ ዕቃ ነው። ዋጋው በብዙ እጥፍ ይዘላል።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ አይሠራም ነበር። ከሐረር ወደ ማርሴይ ደብዳቤ የሚልክ ሰው የሁለት አገር ቴምብር ይለጥፋል። የምኒልክን እስከ ጅቡቲ፣ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍን (ያኔ የጅቡቲ ግዛት ስም ነው) ከጅቡቲ ወዲያ ላለው መንገድ። ፈረንሳዮችም ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ለጥቂት ጊዜ የራሳቸው ፖስታ ቤት ነበራቸው። እንዲህ ያለ ፖስታ ላይ የሁለት መንግሥት ቴምብር ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ የሐረር፣ የድሬ፣ የጅቡቲ ማኅተም በየተራ አርፎበት ታያለሽ። ደብዳቤው የት አደረ፣ መቼ ባቡር ላይ ወጣ፣ መቼ ወደብ ደረሰ፣ ሁሉም ፊት ለፊትሽ ነው። ውሃ ውስጥ ስትከቺው በእጅሽ የሚቀረው ሁለት ቴምብርና ግማሽ ግማሽ ማኅተም ነው።

ይህን የማውቀው ስላደረግሁት ነው። በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም የማይርቅ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አሥራ አንድ ፖስታ ገዛሁ። አንዱ እንዲህ ያለ የሁለት አገር ፖስታ ነበር። ወረቀቱ ቡኒ ሆኗል፤ አንድ ጥጉን ብል በልቶታል። ቆሻሻ መሰለኝ። ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ አስተኛሁት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የአድራሻው ሐምራዊ ቀለም ውሃው ውስጥ ተለቀቀ። ቴምብሮቹ ተነሱ፤ በወረንጦ ይዤ ጋዜጣ ላይ አሰጣኋቸው። የድሬዳዋው ማኅተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ ነበር፣ ግማሹ ፖስታው ላይ። ፖስታውን ጣልኩት። ቴምብሮቹን ለአንድ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ ሸጥኩለት። ሲደርሱት አንድ መስመር ብቻ ጻፈልኝ፦ «ፖስታውስ?» እውነቱን ነገርኩት። ለብዙ ጊዜ መልስ አልሰጠኝም። ዛሬም ያንን ማኅተም ሳስበው ያመኛል። እኔ ያጠፋሁትን አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

አሁን ካርቶንሽን እንክፈተው። አጎትሽ የምድር ባቡር ሰው ከነበረ እጅሽ ላይ ያለው ነገር አዲስ አበባ ካለ ቴምብር ነጋዴ ካርቶን ይለያል። ባቡሩ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ 15 ዓመት ያህል ወስዷል። ከዚያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከመሀል አገር ወደ ባሕር የሚሄድ ደብዳቤ ባቡር ላይ የሚወጣው ድሬ ነበር። ከተማሽ የፖስታ በር ነበረች ማለት ነው። ይህን በር የሚያሳይ ዕቃ ነው የአንቺ ሸቀጥ።

ስለዚህ ከቴምብሩ በፊት ማኅተሙን አንብቢ። አጉሊ መነጽር ግዢ፤ ያ ከማስታወቂያ ይቀድማል። የከተማዋ ስም አጻጻፍ ራሱ ዘመን ይናገራል። ፈረንሳይኛው ማኅተም «ዳዋ» የሚለውን ሲጽፍ መሀል ላይ «ኦ» እና «ዩ» ፊደሎችን ደርቦ ያስገባል። ጣልያኖቹ ደግሞ «ዩ»ን ብቻዋን አስገብተው ይጨርሱታል። የጣልያን አጻጻፍ ካየሽ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ውስጥ የተላከ ነው ብለሽ መጠርጠር ትችያለሽ። ከዚያ ቀኑን ፈልጊ። ከዚያ ፖስታውን ገልብጪ። ብዙ ሰው ጀርባውን ይረሳዋል። የመድረሻ ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጀርባ ላይ ነው።

ከትናንሽ ጣቢያዎች የአንዱ ስም ያለበት ነገር ካገኘሽ ለብቻው አስቀምጪው። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ። ትንሽ ቦታ ማለት ጥቂት ደብዳቤ ማለት ነው። ጥቂት ደብዳቤ ማለት ደግሞ ከአንድ በላይ ፈላጊ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ቴምብሮችን በሚመለከት ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የተደረበ ጽሑፍ ነው። የምኒልክ ቴምብሮች ላይ የነበረው ጽሑፍ አማርኛ ብቻ ስለነበር፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1901 የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ ተደረበባቸው። ቀጥሎ «ቦስታ»፣ ከዚያም «መልክት» የሚል ጽሑፍ የተደረበባቸው ወጡ። በ«ፖ» ሳይሆን በ«ቦ» ነው፤ ስህተት እንዳይመስልሽ። እነዚህ ጽሑፎች በማኅተም የተመቱ ስለሆኑ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው። አስመሳዮቹም ብዙ ናቸው። አጎትሽ «ቦስታ» የሚል ካስቀመጠ ደስ ይበልሽ፤ ግን የሚያውቅ ሰው ሳያየው «እውነተኛ» ብለሽ እንዳትሸጪ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1919 የወጡት የእንስሳት ቴምብሮች ናቸው። ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን። በጣም ያምራሉ። እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ይኖራሉ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ችግሩ ከጊዜ በኋላ ዳግም የታተሙት ከዋነኞቹ ጋር መቀላቀላቸው ነው። ገልብጠሽ ሙጫውን እዪው። የዋናው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው። የዳግም ኅትመቱ ቡኒ ይላል፤ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ መስመር አለበት። ድሬ ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ አዘንብለሽ ብትይዢው ስንጥቁ እንደ ደረቀ ጭቃ ይታይሻል። ዳግም ኅትመቱን መሸጥ ነውር የለውም። «ዳግም ኅትመት» ብለሽ በርካሽ ሽጪው። ነውሩ ስሙን መደበቁ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሳላውቅ እንደ ዋና ሸጥኩ። ገዢው ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። በዚያው ቀን ገንዘቡን መለስኩለት፤ ቴምብሮቹን እንዲያስቀራቸውም ነገርኩት። ያ ሰው እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1931 ከወጣው እትም ደግሞ ሁለቱን በተለይ ለዪ። አንዱ ላይ ራስ መኰንን አሉ፤ ሌላው ላይ የአዋሽ የባቡር ድልድይ። ሐረርና ምድር ባቡር ማለት ናቸው። በራሳቸው ውድ አይደሉም። በድሬ ማኅተም ሲሆኑ ግን ቻናልሽ ስለምን እንደሆነ በአንድ ፎቶ የሚናገሩ ናቸው።

ከጅቡቲ የመጡትንም እንዳትንቂ። የድሮዎቹ ውስጥ ሦስት ማዕዘን የሆኑ አሉ። አንዳንዶቹ ዙሪያቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ይመስላሉ፤ በእጅሽ ስትዳስሺው ግን ጥርሱ በቀለም የተሳለ እንጂ የተበሳ አይደለም። በመቀስ የተቆረጠ ነው ብለሽ እንዳትጥይው፤ ሲታተም ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ወደ ኪሎው ልምጣ። አትግዢው። በኪሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካንቺ በፊት አይቶታል። የሚረባውን አውጥቷል። እሱ ባያወጣ ከእሱ በፊት የነበረው አውጥቷል። ውስጡ ምን እንዳለ አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ። የአጅማን፣ የፉጃይራና የራስ አልኸይማ ትልልቅ ባለቀለም ቴምብሮች አሉበት። ጠፈርተኛ፣ ኦሊምፒክ፣ ፈረስ፣ ቢራቢሮ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለሰብሳቢ ተብለው በገፍ የታተሙ ናቸው። ለልጅ ስጦታ ቆንጆ ናቸው። ሰብሳቢ ገንዘብ አያወጣባቸውም። የአጎትሽም ካርቶን ውስጥ እነዚህ ይኖራሉ፤ ሃምሳ ሃምሳ አድርገሽ ለጀማሪ ተማሪዎች በጥቂት ብር ስጪያቸው። ዛሬ 50 ቴምብር የገዛሽ ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት።

ማስታወቂያውንም አሁን ተይው። ችግርሽ የሰው ማነስ አይመስለኝም። 340 ሰው ቻናልሽ ላይ አለ። ከእነሱ ውስጥ የስንቱን ፍላጎት ታውቂያለሽ? ማን ባቡር ይሰበስባል? ማን የጣልያን ዘመን? ማን አንበሳ ያለበትን ሁሉ? ካላወቅሽ ተከታዩ 3,400 ቢሆንም በወር የሚገዛሽ ያው አራት ሰው ነው።

ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ገጽ ስጪው። ምን ገዛ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን አጣ፣ በስንት አልስማማም አለ። አዲስ ነገር ከካርቶኑ ስታወጪ ቻናል ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ደብተሩን ግለጪ። የሚሆነው ሰው ካለ ለእሱ በግል ላኪለት። «ባለፈው የአፍደምን ጠይቀኸኝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ወጣ፤ እስከ ነገ ማታ አስቀምጥልሃለሁ» በይው። ሃያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢኖሩሽ፣ እያንዳንዳቸውም በሁለት ወር አንዴ ቢገዙሽ፣ በወር አሥር ሽያጭ ነው። አሁን ካለሽ እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። አንድ ብር ለማስታወቂያ ሳታወጪ።

የገዢዎችሽ ዓይነትም ካሰብሽው ይሰፋል። አንዱ ቡድን የባቡር ቴምብር ሰብሳቢ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ፖስታ ታሪክ የሚያጠና ነው። ሦስተኛውን ግን ብዙ ነጋዴ አያስበውም። ድሬ ውስጥ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድ፣ የየመን፣ የጣልያን፣ የፈረንሳይ ቤተሰቦች ኖረዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በየዓለሙ ተበትነዋል። ከዚራ ወይም መጋላ ሰፈር ይኖር ለነበረ አያታቸው የተጻፈ ፖስታ ለእነሱ ቴምብር አይደለም፤ የቤት ዕቃ ነው። አንዲት ሴት ከሊዮን የአያቷን ስም የያዘ ባዶ ፖስታ ከእኔ ገዝታ፣ ሲደርሳት በስልክ ስታለቅስ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ፖስታው ውስጥ ደብዳቤ ካለ መጀመሪያ አንብቢው። የሰው ገመና ካለበት፣ በተለይ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ፣ ፎቶ አንስተሽ ቻናል ላይ እንዳትለጥፊው። የራሳችሁን ቤተሰብ ደብዳቤዎች ደግሞ ለይተሽ አስቀምጪ። የአጎትሽ ልጆች ወይም ወንድሞች ካሉ ስለ ካርቶኑ እንዲያውቁ አድርጊ። ገንዘብ መምጣት ሲጀምር «ማን ፈቀደላት» የሚል ወሬ ከመነሳቱ በፊት።

አሁን ስለ አጻጻፍሽ። የቻናልሽን ናሙና ልከሽልኛል። «ቆንጆ ጥንታዊ ቴምብር፣ በጣም ብርቅዬ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። እንዲህ ስትጽፊ የሚመጣልሽ መልእክት «አቦ፣ ይቺን ስንት ትያታለሽ?» የሚል ነው። ትመልሺያለሽ፤ ሰውየው ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ስትመልሺ ትውያለሽ። በእሱ ፈንታ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «የአዋሽ ድልድይ ቴምብር፣ እ.ኤ.አ. 1931 እትም፣ በሙሉ ፖስታ ላይ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ። የመነሻው ማኅተም ይነበባል፤ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ደብዝዟል። የቴምብሩ ቀኝ ጥግ ላይ ሁለት ጥርስ አጭር ነው። ፖስታው ጀርባ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የዘይት ጠብታ አለች። ዋጋው ይህን ያህል። ካልወደዱት በ14 ቀን ይመልሱት።» «ብርቅዬ» የሚለውን ቃል እርሺው። ጉድለቱን አንቺ አስቀድመሽ ስትነግሪው ገዢው የቀረውንም ያምንሻል። እኔ በ19 ዓመት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የገበያ ዘዴ አላገኘሁም።

ዋጋውንም ጻፊ። ዋጋ የተደበቀበት ዕቃ እኔ ራሴ አልጠይቅም።

ዋጋ እንዴት ይወጣል ካልሽ፣ ሰብሳቢዎች የሚጠቅሷቸው አራት ትልልቅ ካታሎጎች፣ ማለትም ቴምብሮችን በቁጥርና በዋጋ የሚዘረዝሩ መጻሕፍት፣ አሉ። የአሜሪካው ስኮት፣ የጀርመኑ ሚሼል፣ የእንግሊዙ ስታንሊ ጊበንስ፣ የፈረንሳዩ ኢቬር። ቴምብሩን ስትገልጪ ቢያንስ የአንዱን ቁጥር ጥቀሺ፤ ሰብሳቢው ወዲያው ይገባዋል። የካታሎግ ዋጋ ግን የገበያ ዋጋ አይደለም። እሱ እንከን ለሌለው ቴምብር ነው የተጻፈው፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ሰው ከዚያ በታች ነው የሚገዛው። አንድ ጥርስ ከጎደለ፣ ጀርባው ከሳሳ፣ ከታጠፈ ይወርዳል። ሙሉ ፖስታን ደግሞ ካታሎግ በደንብ አይተምነውም። ለእሱ እንደ ዴልካምፕ ያሉ የሰብሳቢ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ገብተሽ ተመሳሳዩ በስንት እንደተሸጠ እዪ። የተጠየቀበትን ሳይሆን የተሸጠበትን። ሰው ያሻውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

ፎቶውን በተመለከተ ስካነር ከስልክ ይሻላል። ከዚራ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ሄደሽ በሰዓት ተነጋገሪ። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ (dpi) አስነሺ። ከበስተጀርባው ጥቁር ካርቶን አድርጊ፤ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሁልጊዜ ጀርባውንም አንሺ። ቀለም የሚያሳምር ማጣሪያ እንዳትጠቀሚ፤ በቴምብር ዓለም የቀለም ልዩነት የዋጋ ልዩነት ነው። ፖስታውን ግን ራስሽ አስቀምጪው፣ ራስሽ አንሺው። ለሠራተኛው እንዳትሰጪው።

አቀማመጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድሬ ስለሆንሽ። የእናንተ ሙቀት ደረቅ ነው። ሙጫ ያለው ቴምብር በደረቅ ሙቀት ይጠቀለላል። ተጠቅልሎ ስታገኚው በጣትሽ ልታቃኚው አትሞክሪ፤ ሙጫው ይሰነጠቃል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጥሽው ካርቶን ካለ ዛሬውኑ አውርጂው። መሬት ላይም አታድርጊው። ምስጥ ወረቀት ሲያገኝ አያሳድርም። እግር ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ከግድግዳ ትንሽ ፈንጠር አድርገሽ፣ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ውስጥ ይሁን። ሱቅ የሚሸጠው ለስላሳ ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዳታቆዪ፤ ከጊዜ በኋላ ወዝ እያወጣ ቀለሙን ይጎዳዋል። የሚጣበቅ ገጽ ያለው የፎቶ አልበምም የቴምብር ጠላት ነው። በስኮች የተለጠፈ ካገኘሽ አትላጪው። በጣት አትንኪ። ወረንጦ ያዢ፣ ጫፉ የማይወጋና ጥርስ የሌለው።

ገንዘብ አቀባበል። ለአገር ውስጥ ቴሌብር ወይም ባንክ ይበቃሻል። ብሩ ሳይገባ ዕቃ አይወጣም፤ የተላከልሽን የደረሰኝ ምስል አትመኚ፣ ሒሳብሽን ራስሽ እዪ። ለውጭ ገዢ ግን ዕቃ ከመለጠፍሽ በፊት ባንክሽ ሂጂ። የውጭ ምንዛሬ በምን መንገድ እንደሚገባልሽ፣ ምን ሰነድ እንደሚጠይቁሽ ጠይቂ። የንግድ ፈቃድም ያስፈልግሻል፤ በወር አሥር ሽያጭ ስትደርሺ «ትርፍ ጊዜ ነው» የሚለው አያዋጣም። ከዋጋው በላይ ልኮ «ትርፉን መልሺልኝ» የሚል ገዢ ከመጣ ሌባ ነው። አትመልሺለት፤ ከባንክሽ ጋር ተነጋገሪ።

የቅርስ ሕግ አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አይፈቅድም። ተራ የቴምብር ስብስብና አንድ መቶ ዓመት ያለፈው ደብዳቤ አንድ አይደሉም። በጣም የቆየ ሙሉ ፖስታ፣ የባለሥልጣን ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ የእጅ ጽሑፍ ካጋጠመሽ ወደ ውጭ ከመላክሽ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይተሽ በጽሑፍ መልስ ያዢ። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ። አንዳንዱን ደግሞ ባትሸጪው እመርጣለሁ። ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ አዲስ አበባ የፖስታ ሙዚየም አለ። የአንድ የድሬ ምድር ባቡር ሠራተኛ ያቆየው ወረቀት እዚያ ቢቀመጥ ቦታው ነው።

ስትልኪ በአደራ ፖስታ ላኪ። ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያ ሁለት ፊደል ያለው ቁጥር ይሰጥሻል። ቁጥሩን በዚያው ቀን ለገዢው ላኪለት። ቴምብሩን ወረቀት ውስጥ፣ ወረቀቱን ሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል አድርጊ። ካርቶኖቹ ከቴምብሩ በሁሉም ወገን ሁለት ጣት ይብለጡ። ሳታሽጊው ይዘሽ ሂጂ፤ ፖስታ ቤት ውስጡን ሊያዩት ይችላሉ። ከሁሉ የምወደውን ልንገርሽ፦ መላኪያውን ፖስታ ላይ ወጥ የሆነ የማሽን ተለጣፊ ሳይሆን ቆንጆ ቴምብሮችን ራስሽ ለጥፊ። ማኅተሙን በጥንቃቄ እንዲመቱልሽ ሠራተኛዋን በትሕትና ለምኛት። ሰብሳቢው ሲደርሰው አንድ ተጨማሪ የድሬዳዋ ፖስታ አገኘ ማለት ነው።

ያጠራቀምሽው ብር ላይ ከመጣን፣ ግማሹን አትንኪው። ከቀረው አጉሊ መነጽር፣ ወረንጦ፣ የጥርስ መለኪያና ሁለት ጥሩ የቴምብር ማስቀመጫ ደብተር ግዢ። የተረፈውን ይዘሽ ተቀመጪ። ቻናልሽ ስለ ድሬ ማኅተም እንደሆነ ሰው ሲያውቅ፣ «አባታችን የተዉት ካርቶን አለ» የሚል ሰው ራሱ ይመጣል። ያን ቀን ገንዘብ እጅሽ ላይ መኖር አለበት። ስትገዢም ትክክለኛ ዋጋ ክፈይ። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ አሮጊቷን እንዳታለልሽ በሁለተኛው ቀን ሳቢያን ድረስ ይሰማል።

የሚቀጥለው ሳምንት ሥራሽ ይህ ይሁን። አንድም ዕቃ አትለጥፊ። ከካርቶኑ ሙሉ ፖስታዎችን ብቻ አውጪ። በቀን ሃያ ይበቃሻል። የከተማውን ስም፣ ቀኑን፣ የጀርባውን ማኅተም ደብተር ላይ ጻፊ። የማይነበበውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነባለን። አንድ ነገር ግን ከእኔ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አልጻፍሽልኝም። አጎትሽ የትኛው ጣቢያ ነበር የሠራው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ምን ነበር ሥራው? እሱን የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊው። ከዚያ ካርቶን የሚወጣውን እያንዳንዱን ፖስታ ስትሸጪ ያችን መስመር አብረሽ ላኪ።